ከካርቦን ፍሬም የተላቀቀ ብረት፦ በመርፌ ማጣበቅ፣ ነቅሎ ማጣበቅ ወይስ ፍሬሙን ማሰናበት?

የብስክሌቱ ባለቤት ያመጣው ቅሬታ አጭር ነበር፤ ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ ሲገፋ ከእግሩ ሥር «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ኩሽኔታው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ፔዳሎቹ ተፈትተው ግሪስ ተቀብተዋል፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። ፍሬሙ አሮጌ ስለነበር የክራንኩ (ፔዳሎቹ የሚታሰሩበት ክንድ) ኩሽኔታ የሚገባበት የአሉሚኒየም ቀለበት (ከዚህ በኋላ የክራንክ ቤት እለዋለሁ) ዳር ዳሩ በግራ በኩል በግልጽ ይታያል። ቀለበቱና ካርቦኑ የሚገናኙበትን መስመር በጨርቅ ጠርጌ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ አኖርሁበት፤ ዘይት ያላደረግሁት ወደ ውስጥ የገባ ዘይት በኋላ ማጣበቂያውን ስለሚያበላሽ ነው። ፍሬኑን ጨብጬ ፔዳሉን በእግሬ ስጫነው ጠብታው ወደ መስመሩ ገባ፤ እግሬን ሳነሣ ተመልሶ ብቅ አለ። ድምፁ የኩሽኔታ አልነበረም፤ ቀለበቱ ከነጥርሱ (ከነመጠምዘዣው) በካርቦኑ ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር።

እንዲህ ያለ ብልሽት የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ማጣበቂያ ይሻላል?» ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ መለየት ያለበት የተላቀቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ ለምን እንደተላቀቀ ነው። ሁለቱ ከታወቁ በኋላ የማጣበቂያው ምርጫ ብዙም አያስቸግርም፤ ሁለቱ ሳይታወቁ የሚገዛ ውድ ማጣበቂያ ግን ድምፁን ለጥቂት ሳምንታት ዝም ከማሰኘት አያልፍም።

የሚላቀቅበት ምክንያት

ካርቦንንና ብረትን በማጣበቂያ ማገናኘት ከካርቦን ብስክሌት ጋር የተወለደ ዘዴ ነው። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ግሬግ ለሞንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈበት ሉክ የተባለው ኩባንያ ብስክሌት የካርቦን ቱቦዎቹ በአሉሚኒየም መጋጠሚያዎች ውስጥ ተጣብቀው የተሠሩ ነበሩ። በዚያው ዘመንና በቀጣዮቹ ዓመታት የወጡት የጃየንት ካዴክስና የትሬክ 2300 ፍሬሞችም በተመሳሳይ መንገድ የተሠሩ ሲሆን፣ ዛሬም በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ይገኛሉ። የኋለኞቹ ፍሬሞች በአብዛኛው በቅርጽ ማውጫ የሚሠሩ ቢሆኑም ብረቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጥርስ ያለው የክራንክ ቤት፣ የኋላ ጎማ አክስል የሚያርፍበት ጫፍ፣ የኮርቻ ዘንግ የሚገባበት ቡሽ (ቀጭን የብረት እጅጌ)፣ የውሃ ጠርሙስ መያዣ ብሎን የሚታሰርበት ዳዶ፣ የገመድ ማቆሚያዎች፣ እነዚህ ሁሉ በብዙ ፍሬሞች ላይ አሁንም የተጣበቁ ብረቶች ናቸው።

ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በኬሚካዊ ጠባዩም ከወርቅና ከፕላቲኒየም ወገን የሚቆጠር «የማይበላ» ቁስ ነው። አሉሚኒየም በተቃራኒው በቀላሉ የሚበላ ብረት ነው። ሁለቱ ተነካክተው በመካከላቸው ጨዋማ እርጥበት ሲገባ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ጨዋማው እርጥበት በረዶ በሚጥልበት አገር መንገድ ላይ ከሚበተን ጨው ሊመጣ ይችላል፤ ይበልጥ የሚገርመው ግን ቤት ውስጥ በቆመ ብስክሌት ላይ ልምምድ የሚሠራ ሰው ላብ ነው፣ ምክንያቱም ነፋስ ስለሌለ ላቡ ሁሉ በፍሬሙ ላይ ተንጠባጥቦ በየመገጣጠሚያው ይቀራል። ከዚህ መበላት የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ማጣበቂያውን ከብረቱ ላይ እየላጠ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ካርቦኑን ወደ ውጭ ገፍቶ ቀለሙን ያሳብጠዋል።

ሌላው ምክንያት ሙቀት ነው። አሉሚኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 23 ማይክሮሜትር ሲለጠጥ፣ ካርቦን ፋይበር በክሩ አቅጣጫ ከሞላ ጎደል አይለጠጥም። 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የክራንክ ቤት በ30 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ወደ 0.03 ሚሊሜትር ይሰፋል ወይም ይጠባል ማለት ነው። ይህ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ይሁንና የማጣበቂያው ንብርብር ራሱ 0.1 ወይም 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በየቀኑ የሚደጋገመው መለጠጥ ለተሰባሪ ማጣበቂያ ትንሽ አይደለም። ቲታኒየም በሁለቱም በኩል የተሻለ ነው፤ ከካርቦን አጠገብ በቀላሉ አይበላም፣ የሚለጠጠውም ከአሉሚኒየም ግማሽ ባነሰ ነው። ዋጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከመወሰን በፊት የሚደረግ ምርመራ

የድምፅ ምንጭ አሳሳች ስለሆነ የፔዳል፣ የሰንሰለት ጥርስ ብሎኖች፣ የኮርቻ ዘንግ፣ የማኑብሪዮና የአክስል ማሰሪያ በየተራ ተፈትተውና ተጠርገው መታሰር አለባቸው። ክራንኩ ራሱም ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በአሜሪካና በካናዳ ወደ 760,000 የሚጠጉ ክራንኮችን ለምርመራ የጠራው፣ በማጣበቂያ የተገጣጠሙት ሁለት የአሉሚኒየም ክፍሎች ስለሚለያዩ ነበር፤ ከ4,500 በላይ የመለያየት ሪፖርቶች ቀርበውለት ነበር። እንግዲህ ድምፁን ፍሬሙ ላይ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የክራንኩን ጀርባ በባትሪ ብርሃን ቢመለከት ድካም ይቀንሳል።

ጥርጣሬው በፍሬሙ ላይ ሲጸና ሦስት ምልክቶች ይታያሉ፤ በብረቱ ዙሪያ የቀለም ስንጥቅ፣ ከመስመሩ የሚወጣ ነጭ ዱቄት፣ እና በሳንቲም ጠርዝ ሲንኳኳ ከጤናማው ክፍል ይልቅ የደነዘ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ። ለቀጣዩ ምርጫ ከሁሉም የሚበልጠው ነጩ ዱቄት ነው። ዱቄት ከሌለ፣ ፍሬሙ አዲስ ከሆነና ብረቱ ላይ የቀረው ማጣበቂያ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ፣ ጉድለቱ ምናልባት ፋብሪካ ውስጥ ማጣበቂያ ያልደረሰበት ባዶ ቦታ ነው። ዱቄት ካለ ግን ብረቱ እየተበላ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ብረቱ መውጣት አለበት ወይስ የለበትም ሳይሆን እንዴት ይውጣ የሚል ነው።

መርፌ ወይስ መንቀል?

በመርፌ ማጣበቅ ማለት ብረቱ ባለበት ሳለ ከውስጥ በኩል አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር የሆኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች በስተው፣ ቀጭን ኤፖክሲ (ሁለት ክፍሎቹ ሲደባለቁ የሚደርቅ ማጣበቂያ) በሕክምና መርፌ እየገፉ በሌላኛው ቀዳዳ እስኪወጣ መሙላት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የክራንክ ቤቱ አቅጣጫ አይዛባም፣ ቀለም አይነካም፣ ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ጉዳቱም የዚያን ያህል ግልጽ ነው፤ ማጣበቂያው የሚገባው ማንም ሊያጥበውና ሊያሻክረው ባልቻለ ቦታ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ አሮጌ ግሪስ፣ ላብ፣ ነጭ ዱቄትና የተሰባበረ ማጣበቂያ ሊኖር ይችላል። አዲሱ ኤፖክሲ በእነዚህ ላይ ይደርቃል፤ ከብረቱና ከካርቦኑ ጋር ግን አይያያዝም። ክፍተቱን እንደ ቅርጽ ሞልቶ ስለሚይዘው ድምፁ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ተጠገነ ብሎ ያምናል።

ይህን ከልምድ የማውቀው ነው። ከላይ የጠቀስሁት ብስክሌት ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ በመርፌ ተሞልቶ እንደነበር ያወቅሁት ቀለበቱን ካወጣሁ በኋላ ነው። የገባው ኤፖክሲ እንደ ቀጭን የፕላስቲክ ቅርፊት ሳይሰበር ተላቆ በእጄ ላይ ወጣ፤ በአንደኛው ፊቱ የአሉሚኒየሙን የሞረድ ጭረት ቅርጽ ይዟል፣ በዚያው ፊት ላይ ነጩ ዱቄት እንደ ዱቄት ስኳር ተነስንሶበታል። ማጣበቂያው ጥሩ ነበር፤ የተጣበቀበት ነገር ግን ብረት አልነበረም።

ስለዚህ መርፌን የምመርጠው በጠባብ ሁኔታ ነው፤ ብልሽቱ የፋብሪካ ባዶ ቦታ ሲሆን፣ ብረቱ ሲገፋ የማይንቀሳቀስና ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዱቄት ሳይኖር ሲቀር። ወይም ደግሞ ፍሬሙ ከጥገናው ዋጋ የማይበልጥ ሆኖ ባለቤቱ ለአጭር ጊዜ በከተማ ውስጥ ሊነዳው ከፈለገ፣ ያም የክራንክ ቤቱ ብቻ ከሆነ። የክራንክ ቤት ቢላቀቅ እንኳ በሁሉም ጎን በካርቦን የታቀፈ ስለሆነ ድንገት ወድቆ ሰውን አይጥልም፤ የጎማ አክስል ጫፍ ግን እንዲህ አይደለም።

ነቅሎ ማጣበቅ አድካሚው መንገድ ነው፤ ዝገት ላለበት የክራንክ ቤት ግን ከዚህ ሌላ ጥገና የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም። ለምን እንደሚሠራ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 40 ሚሊሜትር ስፋትና 68 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቀለበት የሚጣበቅበት ገጽ ወደ 8,500 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። ጥሩ የመዋቅር ኤፖክሲ በደንብ በተዘጋጀ አሉሚኒየም ላይ በካሬ ሚሊሜትር ወደ 30 ኒውተን ይሸከማል፤ ከዚህ አንድ አሥረኛውን ብቻ ብንወስድ እንኳ ቀለበቱ ከ25,000 ኒውተን በላይ፣ ማለትም ከሁለት ቶን ተኩል ክብደት በላይ ይይዛል። የኩሽኔታውን መያዣ በ50 ኒውተን ሜትር የሚያጠብቅ ወይም የሚፈታ ሰው በዚያው ገጽ ላይ የሚያሳድረው ኃይል ወደ 2,500 ኒውተን ነው። ስለዚህ አንድ መካኒክ የደረቀ የኩሽኔታ መያዣ ሲፈታ ቀለበቱ አብሮ ቢዞር «መካኒኩ ሰበረው» ማለት ብዙ ጊዜ ፍትሐዊ አይደለም፤ ያ መጋጠሚያ ከዚያ በፊት አብዛኛውን ኃይሉን አጥቶ ነበር። በርግጥ በእንግሊዝ ጥርስ ልክ የተሠራው የቀኝ መያዣ የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን ረስቶ ግማሽ ሰዓት ሲያጠብቅ የሚቆይ ሰውም አይጠፋም።

አወጣጡ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመነካቱ በፊት የቀለበቱ ጥልቀትና አቅጣጫ በሹል ነገር ምልክት ይደረግበታል፤ የካርቦኑ ስፋትም በሁለቱም በኩል ይለካል። ቀለበቱ በእጅ የሚዞር ከሆነ በረጅም ባለ ጥርስ ዘንግ፣ በሁለት ሰፋፊ ሮንዴላዎችና በዳዶ ቀስ ብሎ ይሳባል። የማይወጣ ከሆነ የሙቀት ነፋስ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ማጣበቂያውን የሚያለሰልሰው ሙቀት የፍሬሙን ሬዚንም (የካርቦኑን ክሮች የሚያያይዘውን ሙጫ) ሊነካ ስለሚችል እኔ በቴርሞሜትር እየለካሁ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አላልፍም። በዚህ ሙቀት ካልወጣ ቀለበቱን ከውስጥ በርዝመቱ በጥንቃቄ በመጋዝ ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ማጠፍና በአዲስ መተካት ይሻላል። መዶሻ ቦታ የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝግጅት የጥገናው ዋና አካል ነው። አሉሚኒየሙ በአሴቶን ይታጠባል፤ ነጩ ዱቄትና የተበሳሳው ገጽ እስኪጠፋ በ80 ወይም በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፤ እንደገና ይታጠባል። ንጽሕናው የሚፈተነው በውሃ ነው፤ በገጹ ላይ የፈሰሰ ንጹሕ ውሃ ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ቅባት አለ። የተሻከረ አሉሚኒየም ወዲያው ኦክሳይድ ማልበስ ስለሚጀምር ደርቆ በሰዓት ውስጥ መጣበቅ አለበት እንጂ ለነገ አይባልም። ካርቦኑ ደግሞ በውሃ እየራሰ በለሰለሰ የብርጭቆ ወረቀት ይዳሰሳል፤ ዓላማው አሮጌውን ማጣበቂያ ማንሣት እንጂ ክሮቹን መቁረጥ አይደለም። የካርቦን ብናኝ ለሳንባም ለቆዳም ጎጂ ስለሆነ የብናኝ ጭምብልና ጓንት ግዴታ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ንብርብር አለ፤ በብረቱና በካርቦኑ መካከል የሚገባው የመስታወት ፋይበር ጨርቅ። መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ያ ትንሽ ባትሪ እንደገና እንዳይነሣ ያደርጋል፤ በተጨማሪም ማጣበቂያው በግፊት ሁሉ ተጨምቆ እንዳይወጣ አስፈላጊውን ውፍረት ይጠብቃል። በኤፖክሲ የራሰ አንድ ዙር ስስ ጨርቅ ይበቃል፤ ቦታው ጠባብ ከሆነ ብረቱ በመጀመሪያ በቀጭን ኤፖክሲ ተቀብቶና ደርቆ ከተሻከረ በኋላ ሊጣበቅ ይችላል። ይህን ንብርብር የዘለለ ጥገና የመጀመሪያውን ብልሽት ከነምክንያቱ መልሶ እንደ መሥራት ነው።

ማጣበቂያዎቹ ሲነጻጸሩ

ሱፐር ግሉ ከመጀመሪያው ይወጣል፤ ተሰባሪ ነው፣ ንዝረትና እርጥበት አይችልም፣ ክፍተትም አይሞላም። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ኤፖክሲ የብዙ ሰው ምርጫ የሚሆነው ፈጥኖ ስለሚይዝ ነው፤ ነገር ግን ከውሃ ጋር አይስማማም፣ ሙቀትም ያለሰልሰዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ብስክሌቱን የሚተው ሰው በዚህ የተጣበቀ ብረት ላይ እምነት ሊጥል አይገባም። ጄቢ ዌልድ የተባለው ኤፖክሲ ለጠርሙስ መያዣ ዳዶና ለገመድ ማቆሚያ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ቀላል፣ የትም የሚገኝ፣ ክፍተት የሚሞላ ነው። ሲደርቅ ግን ጠንካራና ግትር ስለሚሆን የሙቀትና የንዝረት መለዋወጥ ላለበት የክራንክ ቤት አልመርጠውም።

ለክራንክ ቤት የሚስማማው «የተጠናከረ» የሚባለው የመዋቅር ኤፖክሲ ነው፤ ሲደርቅ ጥንካሬ እንጂ ተሰባሪነት የለውም። በብስክሌት ጠጋኞች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው የስሪ ኤም ኩባንያ ዲፒ 420 ሲሆን ከተደባለቀ በኋላ ወደ 20 ደቂቃ የሥራ ጊዜ ይሰጣል፤ ዲፒ 460 ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት ይደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ሃያ ደቂቃ ጨርቅ እያራሱ፣ ቀለበት እያስገቡና አቅጣጫ እያስተካከሉ ሳለ በጣም አጭር ጊዜ መሆኑን ያኔ ያውቀዋል። ሁለቱም በመቀላቀያ አፍንጫ በኩል ሲወጡ መጠኑ አይሳሳትም፤ በመጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት መጠን ግን በደንብ ስላልተደባለቀ መጣል አለበት። የዌስት ሲስተም ጂ ፍሌክስ ከእነዚህ ይልቅ ይለጠጣል፤ ጀልባ ሠሪዎች ይወዱታል፣ እኩል በእኩል ስለሚደባለቅም በሚዛን ለማይሠራ ሰው ይቀላል፤ ጥንካሬው ግን ከፊተኞቹ ያነሰ ነው።

ሎክታይት 609ንና መሰሎቹን አየር ሲያጡ የሚደርቁ ማጣበቂያዎች ከኤፖክሲ ጋር አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። እነዚህ ለመድረቅ አየር ማጣትን ብቻ ሳይሆን የብረት መነካትንም ይፈልጋሉ። ኩሽኔታ በአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ሲላላ ጥሩ መፍትሔ ናቸው፤ አሉሚኒየሙ ከካርቦኑ ሲላቀቅ ግን በአንደኛው ወገን ካርቦን ስላለ በትክክል ላይደርቁ ይችላሉ። እንግዲህ ሁለቱን ብልሽቶች ሳይለዩ «ለክራንክ ቤት የሚሆን» ተብሎ የተገዛው ጠርሙስ የተሳሳተውን ክፍተት ይሞላል።

የአየሩ ሙቀትም አንድ የምርጫ ነጥብ ነው። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የመድረቂያ ጊዜ በ23 ዲግሪ አካባቢ የተለካ ነው። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ውስጥ የተተወ ኤፖክሲ ጠዋት ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። በካርቶን ተከብቦ አንድ የሚሞቅ አምፖል ቢበራለትና ለሙሉ ጥንካሬው ሳምንት ቢጠበቅ የሚጠይቀን ነገር ትዕግሥት ብቻ ነው።

ክፍሉ ሲለያይ ምርጫውም ይለያያል

ከፎርክ (የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ) ልጀምር። የፎርኩ ቋሚ ቱቦ ከራስጌው፣ ወይም የፊት አክስል ጫፍ ከእግሩ ከተላቀቀ አማራጭ የለም፤ ፎርኩ ይጣላል። ይህ መጋጠሚያ ሲለቅ ማስጠንቀቂያ ላይሰጥ ይችላል፤ የሚለቅበትም ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ኃይል የሚበዛበት፣ ፍሬን የሚያዝበት ቁልቁለት ነው። አዲስ ፎርክ ከጥርስ ሐኪም ክፍያ ይረክሳል።

የኋላ አክስል ጫፍ በመካከል ያለ ጉዳይ ነው። የሚጣበቅበት ገጽ ከክራንክ ቤት በጣም ያነሰ ነው፤ ድንጋጤው ግን ይበዛበታል፣ ዲስክ ፍሬን ካለው ደግሞ መጠምዘዙም ይጨመርበታል። ቱቦው ሳይሰነጠቅ ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ልምድ ባለው ጠጋኝ እጅ እንደገና ሊጣበቅ ይችላል፤ ሥራው የሚደረገው ትክክለኛ አክስል ታስሮ፣ ጎማው በፍሬሙ መሃል መቆሙ እየተለካ ነው። በጋራዥ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አልመክረውም። አንዳንዶች ማጣበቂያውን በብሎን ወይም በቀጭን ዘንግ አልፈው ያጠናክራሉ፤ እኔ ግን ቀዳዳው የካርቦኑን ክሮች ስለሚቆርጥና አዲስ የብረትና የካርቦን መነካካት ስለሚፈጥር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝንብኛል።

የኮርቻ ዘንግ ቡሽ ታሪኩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው የደረቀ የአሉሚኒየም ዘንግ በኃይል ሲሳብ ቡሹን ይዞ ሲመጣ ነው። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ቱቦው ካልተሰነጠቀ ይህ ከሁሉም የሚቀል ጥገና ነው። ቡሹ ከዘንጉ ተለይቶ፣ ከላይ በተገለጸው መንገድ ተዘጋጅቶ ይመለሳል፤ ሲደርቅ ውስጡ በተለመደው የ27.2 ሚሊሜትር ልክ ወይም በፍሬሙ ልክ መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ዘንጉን በዓመት ሁለት ጊዜ አውጥቶ መጥረግ ታሪኩ እንዳይደገም ያደርጋል።

የጠርሙስ መያዣ ዳዶ ሲላቀቅ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ ሰውን አይጎዳም። ጫፉ ከካርቦኑ ትንሽ ከተነሣ ከሥሩ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ኤፖክሲ ይገባል፣ በግሪስ የተቀባ ብሎን ጥርሱን ይጠብቀዋል፣ እስኪደርቅም አይነካም። በዳዶ መሳቢያ መሣሪያ እንደገና መጨመቅ ይቻላል፤ ነገር ግን እጅ ከበዛበት ካርቦኑን ይፈጫል። የገመድ ማቆሚያም በዚሁ መንገድ ይታያል።

በራስ እጅ ወይስ በባለሙያ?

ብዙ የፍሬም ፋብሪካዎች ለመጀመሪያው ባለቤት ረጅም ዋስትና ይሰጣሉ፤ ባለቤቱ በራሱ የነካው ፍሬም ግን ከዋስትናው ይወጣል። ስለዚህ ፍሬሙን ከአዲስ የገዛ ሰው ማጣበቂያ ከመግዛቱ በፊት ደረሰኙን ይፈልግ። በሁለተኛ እጅ የገዛ ሰው ይህ በር ስለተዘጋበት ምርጫው በባለሙያና በራሱ እጅ መካከል ይሆናል። ፍሬሙ ለረጅም ጉዞና ለውድድር የሚነዳ ከሆነ፣ ወይም የክራንክ ቤቱ ቀጥታ ሊዛባ የሚችል ከሆነ፣ ባለሙያው የሚከፈለው በማጣበቂያው ሳይሆን በማስተካከያ ጠረጴዛውና በሚሰጠው ኃላፊነት ነው። ባለሙያ ሲመረጥ አንድ ጥያቄ ብዙ ያሳያል፤ «በብረቱና በካርቦኑ መካከል ምን ታስገባለህ?» ብሎ መጠየቅ። ጥያቄው ያስገረመው ሰው ፍሬሙን ባይነካው ይሻላል።

እኔ የነቀልሁትን የክራንክ ቤት በመስታወት ጨርቅ ጠቅልዬ መለስሁት፤ በሁለት ሮንዴላና በዘንግ አስሬ ለሰባት ቀን አቆየሁት። ባለቤቱ ቀለሙን ወዲያው እንድሞላለት ጠይቆኝ ነበር፤ አልሞላሁትም። መስመሩ ለአንድ ወቅት ባዶውን እንዲቆይ አደረግሁና ከካርቦኑ ወደ ብረቱ የሚሻገር ቀጭን ጭረት በነጭ ቀለም ሳልሁበት። ከመጀመሪያው 100 ኪሎሜትር በኋላ፣ ከዚያም በየወሩ፣ ጭረቱን በባትሪ ብርሃን እንዲያየው ነገርሁት፤ ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት እስከቆሙ ድረስ ይነዳል፣ በጥፍር ስፋት እንኳ ከተላለፉ ብስክሌቱን ወደ እኔ ይመልሳል።